የእናቴ ድምፅ በወር ክፍያ

እናቴ ወደ ኢንተርኔት ፊልም የገባችው ከእኔ በፊት ነው። እኔ ተምሬ፣ የመንግሥት ደመወዝ እየበላሁ፣ ዘመናዊ ስልክ ይዤ ደጁን ሳልረግጠው፣ እሷ አርባ ምንጭ መውጫ ላይ ሙዝ እየሸጠች ገባችበት። የገባችውም በተመልካችነት አይደለም፤ በተዋናይነት ነው። ነፍሷን በገነት ያኑርልኝና፣ እግሯን ተከትዬ እገባለሁ ስል ያየሁትን ላጫውታችሁ።

አስቀድሜ ግን የአገሩን ነገር ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያለችው የወንድሜ ልጅ ሜሮን እንደምትለኝ፣ እዚያ ፊልም ማለት እንደ ወተት ነው፤ በየወሩ ይከፈላል፣ በየቀኑ ይቀዳል። አንዱ ቤት አልጥም ሲል ሌላው ቤት አባል ይኮናል። እኔ በምኖርባት እንጅባራ ግን ሰው በየወሩ የሚከፍለው ለእድርና ለማኅበር ነው። ከፍሎ የሚያገኘውንም ያውቃል፦ አንዱ ይቀብረዋል፣ ሌላው ያበላዋል። ለፊልም በየወሩ የሚከፍል ሰው በሰፈራችን አልነበረም። ቢኖርስ በምን ሊያየው? ዳታው ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ወራት ይጠፋል። ሲመጣም እንደ ዓይን አፋር እንግዳ ነው፤ ደጅ ላይ ይቆማል እንጂ ግባ ቢሉት አይገባም።

እኔ ደግሞ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ። ሳላነብ የምፈርመው፣ ሳላማትብ የምቀምሰው የለም። ከአርባ ምንጭ ሙቀት አንሥቶ ወደዚህ ጭጋግ ያመጣኝ ሥራ ነው። እንደመጣሁ እናቴ በስልክ፣ «ብርዱን እንዴት አደረግሽው?» ብትለኝ፣ «እየለመድኩት ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ እየለመድኩት ነው።

አንድ ቀን ደወለችና፣ «ዛሬ ሥዕል አነሡኝ» አለችኝ።

«እነማን?»

«ከአዲስ አበባ የመጡ ልጆች። ለዚች ቆንጆ ሙዝ ሽጪላት አሉኝ፤ ሸጥኩላት። መልሰሽ ሽጪላት አሉኝ፤ ሸጥኩላት። ያንኑ ሙዝ ስንት ጊዜ እንደሸጥኩት እግዜር ይወቀው! እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም፤ ሙዙ አያልቅ፣ ደንበኛዋ አትጠግብ!»

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ረሳነው።

ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ እናቴ ዐረፈች። መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ ኔትወርኩም አብሮት ተዘግቶ ነበር። ወሬው ለእኔ ሲደርስ እሷ ከተቀበረች ሰንብታለች። የሰፈሬ ሰዎች እንደ ወጉ በማለዳ መጥተው አረዱኝ። ድንኳን ተከሉልኝ፣ ንፍሮ ቀቀሉልኝ፣ ባይተዋር ነች ሳይሉ ከበቡኝ። ውለታቸውን እግዚአብሔር ይክፈላቸው።

ችግሩ የመጣው ከሙሾው ነው። የሰፈራችን አስለቃሽ እትዬ ጠጅቱ ናቸው። እሳቸው ሲያወርዱ ሳያለቅስ የሚቀር ሰው ወይ ደንቆሮ ነው ወይ ሟቹ ራሱ ነው ይባላል። ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉና፣ «እናትሽ ምን ነበሩ ልጄ?» አሉኝ።

«ሙዝ ሻጭ።»

በዚህ አገር ሟች የሚወደሰው በፈረሱ ነው፣ በበሬው ነው፣ በጎተራው ነው። ሙዝ ለሙሾ አይመችም።

«ፈረስ አልነበራቸውም?»

«ኧረ አልነበራትም።»

«እንግዲያ እኔ አንድ እሰጣቸዋለሁ» ብለው ተነሡ።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ በሕይወቷ አህያ እንኳ ነክታ የማታውቀው እናቴ፣ ቦራ ፈረስ ላይ ተቀምጣ በዘንገና ሐይቅ ዳር ስትጋልብ ዋለች። ሕዝቡ በእንባ ታጠበ። እኔም አለቀስኩ። ግን ታዝባችሁልኛል? የማለቅሰው ለሌላ ሴት ነበር።

ከሐዘኑም በኋላ ልቤን የበላው ይኸው ነው። በዚህ አገር እናቴን በዓይኑ ያየ አንድ ሰው የለም። ያለኝ ፎቶ የቀበሌ መታወቂያዋ ነው፤ እሱም ላይ በስርቆት የተያዘች ትመስላለች። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ድምፅዋ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በስልክ ያወራነው የት ገባ? ቀስ በቀስ ከጆሮዬ እየሸሸ መሄዱ ታወቀኝ። አውቶቡስ ስታይ «ሙዝ!» የምትለው ድምፅዋን ወደ ላይ አንሥታ ነበር ወይስ ወደ ታች ጥላ? ሥራ ቦታ ፋይል ስፈልግ እንኳ እሱን አስብ ነበር። ፋይሉ ይገኛል፤ ድምፁ አይገኝም።

ፍልሰታ እንደገባ ሜሮን ደወለች።

«አክስቴ! ያ ፊልም ወጥቷል! እማማ አለችበት፣ ታወራለች!»

«በየትኛው ቴሌቪዥን?»

«በቴሌቪዥን አይደለም። በመተግበሪያ ነው፣ በወር ክፍያ። እዚህ ሰፈሩ ሁሉ እያየው ነው።»

«ቅጂና ላኪልኝ።»

«አይቀዳም፤ ሲቀዱት ይጠቁራል። ደግሞ ጊዜው አልቆ ጾሙ ሳይፈታ ከመተግበሪያው ሊያነሡት ነው። ፍጠኚ!»

እንደምንም ብላ በሌላ ስልክ ቀርጻ ላከችልኝ። የደረሰኝ ግን የሚያብረቀርቅ መስተዋትና የሜሮን አውራ ጣት ነው፤ ድምፅ የሚባል የለበትም።

እናቴን ለማየትና ለመስማት የቀረኝ ጊዜ እንግዲህ ይቺ ጾም ነች። በጾም ደግሞ ፊልም! ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ።

«አባ፣ በፍልሰታ ፊልም ማየት ይፈቀድልኝ ይሆን?»

«አንች? ፊልም? በሱባኤ?»

«እናቴ አለችበት።»

«እናትሽ ፊልም ውስጥ ምን ትሠራለች?»

«ሙዝ ትሸጣለች።»

ጺማቸውን ይዘው አሰቡ። «ሙዙስ የጾም ነው» አሉ። «ሌላ ምን አለበት?»

«አላየሁትም አባ። ፍቅር ሳይኖርበት አይቀርም።»

«እንግዲያ እናትሽ እስክትመጣ ጨፍነሽ ቆይ። ስትመጣ ግለጭ፤ ስትሄድ መልሰሽ ጨፍኝ።»

«ከጨፈንኩ መምጣቷን በምን አውቃለሁ?»

አባ አዩኝ። «እናት ስትመጣ አትታወቅም እንዴ?» አሉኝ።

ፈቃዱን ይዤ ወደ ምዝገባው ገባሁ። ስልኩ «የይለፍ ቃል ያስገቡ» አለኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሚጠብቀኝን መልአክ ስም በፈረንጅ ፊደል ጻፍኩ። በቀይ ቀለም «ደካማ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ደንግጬ አማተብኩ። ሜሮን፣ «ቁጥር ጨምሪበት፤ ይጠነክራል» አለችኝ። መልአክን በቁጥር ማጠንከር ድፍረት መስሎ ስለታየኝ በአክስቴ ስም ቀየርኩት። እሷን ደካማ ቢላት አልቀየምም።

ቀጥሎ «እስማማለሁ» የሚለውን ተጫኚ ተባልኩ። በምን? ውሉን ላንብብ ብዬ ብገባ ከአዋጅ ይረዝማል። አንብቤ ሳልጨርስ ስልኬ ባትሪ ጨረሰ። ሞልቼ፣ ጨርሼ አንብቤ ብጫን «የማረጋገጫ ቁጥር ልከንልዎታል፤ ቶሎ ያስገቡ» አለኝ። ቁጥሩ የደረሰኝ በማግስቱ ነው። ሲደርስ ሞቶ ነበር። ምን ይደረግ፣ የእኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ሁሉም የሚደርሰኝ ከቀብር በኋላ ነው።

ሌላ ቁጥር ለመለመን ስልኬን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ግቢ ውስጥ ስንከራተት አከራዬ እማማ እንጉዳይ አዩኝ። እማማ እንጉዳይ እንጅባራ ገበያ ድንች ይሸጣሉ። ደግ ሴት ናቸው። ሚዛን ፊት ሲቀመጡ ግን ሌላ ሰው ናቸው፤ ከኪሎ ያለፈችውን ድንች በቢላዋ ከፍለው ግማሿን ወደ ጆንያ ሲመልሱ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አንች ልጅ፣ ምን ሁነሽ ነው? ስልክሽን እንደ እህል ልታሰጭ ነው?»

ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ተቆጡ።

«ብቻሽን ልታያት ነበር?»

«አዎ፣ እማማ። ማንንም ላለማስቸገር ብዬ ነው።»

«ያለቀስንላትን ሴት? ደረታችንን የመታንላትን? ሐዘን ለብቻ አይበላም፤ ነውር ነው። ሁላችንም እናያታለን። እስከዚያው እንዳትነኪያት!»

ቃል ገባሁ። ዳንግላ እንድሄድ የመከሩኝም እሳቸው ናቸው። «እዚህ አይሆንልሽም፤ ዳንግላ ሞቅ ይላል። ኔትወርክም እንደ ሰው ነው፣ ብርድ አይወድ» አሉኝ።

በሚኒባስ ወረድኩ። እውነትም ዳንግላ ትሞቃለች፤ ኔትወርኩም ከእኛው ይሻላል። እንግዲህ ከአዲስ አበባ እስከ ዳንግላ አንድ ዓለም፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ ሌላ ዓለም መሆኑ ነው። አንድ ካፌ ገብቼ ሻይ አዘዝኩ፤ አዲሱ ቁጥር ወዲያው ደረሰኝ፤ የወሩን ከፍዬ ፊልሙን ወደ ስልኬ ማውረድ ጀመርኩ። ሻዩ ፊት ለፊቴ ቀዘቀዘ። አስተናጋጇ መጣች።

«ሻዩ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። ጾም ነኝ፤ ገና አልፈታሁም።»

«ታዲያ ለምን አዘዝሽው?»

«ለመቀመጫው ብዬ ነው፣ እኅቴ።»

አየችኝ። ሻዩን ወስዳ አሙቃ መለሰችው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ያ ሻይ እየቀዘቀዘና እየሞቀ ዋለ፤ ከእኔ ጋር አንድ ዕድል ነበረው። ፊልሙ ሙሉ በሙሉ ወረደልኝ። እዚያው ለምን አላየሽውም ትሉኝ ይሆናል። ቃሌስ? ደግሞስ እናቴን በሰው አገር ካፌ፣ በብስኩትና በጭማቂ መሃል ላልቅሳት? ስልኬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እንደ ጸበል ተሸክሜ ተመለስኩ።

እንጅባራ ደርሼ ብከፍተው፣ «አባልነትዎን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር ይገናኙ» አለኝ።

የያዝኩት ነገር በእጄ ነው፤ ግን የእኔ አይደለም። እሱ ሲፈቅድልኝ ነው የማየው። እማማ እንጉዳይ ይህን ሲሰሙ ወደ ጓሮ ሄዱና ረጅም ቀርከሃ ይዘው መጡ። «ኔትወርኩ በላይ ነው የሚያልፈው፤ እኛ አጥረን ነው» አሉ። የጎረቤታችንን ስልክ በፌስታል ጠቅልለን ቀርከሃው ጫፍ ላይ አሰርነው። እሱ ከላይ ኢንተርኔት እየለመነ ለእኔ ስልክ ከታች እንዲያወርድ ነው። ዝናቡ ይዘንባል። ሁለት ጎልማሳ ሴቶች ጃንጥላ ይዘው፣ ቀርከሃውን አቁመው ደጅ ቆሙ።

ቅዳሴ እንደወጣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ መጡ። ማንም ሳያዛቸው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል። ማንም ሳይጠይቃቸው ንፍሮ ይዘዋል። ስልኬን የእማማ እንጉዳይ የድንች ሚዛን ላይ አስደገፍነው። እኔን በሐዘንተኛ ቦታ አስቀመጡኝ። ፊት ያሉት ያያሉ፤ መሃል ያሉት የፊተኞቹን ነጠላ ያያሉ፤ ከኋላ ያሉት በእምነት ይኖራሉ።

ፊልሙ ተጀመረ። እኔ በታዘዝኩት መሠረት ጨፈንኩ።

«መኪና ነው» አለች አንዷ።

«ሐይቅ መጣ። ከዘንገና ይሰፋል።»

«ያቻት፣ አንዲት ቀብራራ! ጎረምሳው እጇን ያዛት።»

«አንች፣ እንዳትገልጭ!» አሉኝ እማማ እንጉዳይ። «ገና ነው። ኸረ ምን ነካቸው እነዚህ... በይ ጠበቅ አድርጊው ዓይንሽን!»

በድንገት እትዬ ጠጅቱ «ወዮ!» ብለው ደረታቸውን መቱ። ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። ከኋላ ያሉት ምንም ሳያዩ ከሁሉ በላይ ጮኹ። ገልጬ ባይ፣ በወርቅ ያጌጠች አንዲት ሴትዮ ሶፋ ላይ ተቀምጣለች።

«እሷ አይደለችም!» አልኩ።

ለቅሶው ቀጥ አለ። እትዬ ጠጅቱ ዓይናቸውን ጠረጉ። «ሴትዮዋ አልሞተችማ?»

«ኧረ እኔ አላውቃትም!»

«እንግዲያ ይቆይላት» አሉ።

ከዚያ መተግበሪያው አባልነቴን እንደገና ላረጋግጥ አለና ያቺ ክብ መጣች። ኔትወርክ ሲያጥር መሃል ላይ የምትዞረውን ክብ ታውቋት ይሆናል። እንደ አውድማ በሬ ትዞራለች፤ የምታበራየው ግን የለም። ደጅ ያሉትን «ከፍ! ወደ ቀኝ! ወደ ቤተ ክርስቲያኑ!» እያልን እናዛቸዋለን። ክቧ ትጠፋለች፣ ትመጣለች። ንፍሮው አለቀ። እኔ ጨፍኜ ነበር።

ከዚያ ሳላስበው ገለጥኩ። ማንም ግለጭ አላለኝም። አባ ልክ ነበሩ።

እናቴ ነበረች። ያቺው ጥቁር ጃንጥላዋ፣ ያቺው እግሯ የተሰበረ በርጩማ፣ ነጠላዋን ብብቷ ሥር የምትወትፍበት ያው አወታተፍ። የመታወቂያዋ ሌባ አይደለችም፤ እሷው ራሷ ነች። ያቺ ቀብራራ ልጅ ወደ እሷ መጣች። እናቴ ቀና አለች። አፏን ከፈተች።

«ሙዝ ትፈልጊያለሽ፣ የኔ ቆንጆ?»

እናቴ አልነበረችም። አፉ የእሷ ነው፤ ድምፁ የሌላ ሴት ነው። ልስልስ ያለ፣ በሬዲዮ ሳሙና የሚያስተዋውቅ ድምፅ አልብሰዋታል። የእናቴ ድምፅ ጎርናና ነው፤ ለአውቶቡስ ሾፌር የተሠራ ድምፅ ነው። ሰምተውት ለፊልም አልሆናቸውም ይሆናል። እኔ ግን ጾሜን አስፈቅጄ፣ ዳንግላ ወርጄ፣ ቀርከሃ አቁሜ የመጣሁት ለዚያ ለጎርናናው ነበር።

«እንዴት ያለ ማር ድምፅ ነው ያላቸው!» አሉ እትዬ ጠጅቱ።

ለሰው ውሸት መንገር አልወድም። «የሷ አይደለም» አልኩ።

«የሷ አይደለም ትላለች» ተባለ ወደ ኋላ።

«ማን፣ ሴትዮዋ?»

«ድምፁ!»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የአዲስ አበባ።»

ከወደ ኋላ አንዲት አሮጊት በአዊኛ አንድ ነገር ተናገሩ። አልገባኝም፤ ግን እርግማን እንደሆነ ከድምፃቸው አወቅኩ።

ይህን ጊዜ ክቧ ተመለሰች። እናቴ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ክቧ ፊቷ ላይ ትዞራለች። እኔ ማልቀስ እንኳ አቃተኝ፤ ስልኩን አየዋለሁ። እማማ እንጉዳይ በክርናቸው ነካ አደረጉኝ።

«አፏን ከፍታ እየጠበቀችሽ ነው እኮ» አሉ። «አንች አውጭላት እንጅ።»

«ምኑን?»

«ድምፅዋን ነዋ! እዚህ ካንች ሌላ ማን ያውቀዋል?»

እኔ በቅዳሴ እንኳ ተሰጥዖ የምመልሰው በሹክሹክታ ነው። አለቃዬ «ከፍ አድርገሽ ተናገሪ» ሳይለኝ የዋለበት ቀን የለም። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ ብድግ አልኩ።

«ሙዝ! ሙዝ! የአርባ ምንጭ ሙዝ! ና ሳያልቅብህ!»

ወደ ላይ ነበር የምታነሣው። ጆሮዬ ረስቶት የነበረውን ለካ ጉሮሮዬ ይዞት ኖሯል። የጣሪያው ቆርቆሮ አስተጋባ። ደጅ የቆሙት ሴቶች ቤቱ የተደረመሰ መስሏቸው «በስመ አብ!» ብለው ዘለሉ፤ ቀርከሃው ወደ ገበያው በኩል ዘመመ። ለካ ኔትወርኩ የነበረው እዚያ ነው። ክቧ ጠፋች።

እናቴ ተንቀሳቀሰች። ዘለላውን ሰጠች፣ ልጅቱ ተቀብላ ዞረች። ፊልሙ ከእንግዲህ ልጅቱን ተከትሎ ሊሄድ ነው። ያኔ ከስክሪኑ ጥግ አንድ እጅ ገባ። ክርኑ ላይ ከልጅነቴ የማውቀው የእናቴ የእሳት ጠባሳ ይታያል። እጁ አንዲት ሙዝ ይዟል፤ በልጅቱ ቦርሳ ውስጥ ጣል አደረጋትና ተመለሰ። ይህን ማንም አላዘዛትም። ልጅቱም ራሷ ሳታስበው ፈገግ አለች። እናቴ ደንበኛዋን ሳትጨምርላት ሸኝታ አታውቅም፤ ያንኑ ሙዝ ደጋግማ ስትሸጥ በዋለችበት ቀን እንኳ ልማዷን አልተወችም። ድምፅዋን ቀየሩት፤ እጇን የሚቀይሩበት ግን አላገኙም።

«ጨመረችላት!» አሉ እማማ እንጉዳይ።

«ምን?» ከኋላ።

«አንዲት ሙዝ ጨመረችላት!»

«ሳትጠየቅ?»

«ሳትጠየቅ!»

ለአሮጊቷ በአዊኛ ተነገራቸው። ነገሩ ግድግዳው ጋ ደርሶ ተመልሶ መጣ፤ ደጅ ቀርከሃ የያዙት ድረስ ወጣ። «ጨመረችላት አሉ!» እትዬ ጠጅቱ ቀስ ብለው ተነሡ። በዚህ ጊዜ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው የጠየቁኝ ነገር አልነበረም። ፈረስም አላመጡም።

«ሙዝ ሻጯ እናታችን፣ ሚዛኗ ሞላ ሲሉ፣
አንድ ጨምራ ሄደች፣ ለቀሩት በሙሉ።»

ያን ቀን ነው እናቴ የተቀበረችልኝ።

ፊልሙ እንደተባለው ጾሙ ሳይፈታ ከመተግበሪያው ተነሣ። መተግበሪያው ግን እስከ ዛሬ «ናፍቀውናል፤ አባልነትዎን ያድሱ» እያለ ይጽፍልኛል። ደጋግሞ ናፈቅሽኝ የሚለኝ አሁን እሱ ብቻ ስለሆነ መልእክቱን አላጠፋውም። አባልነቱንም አላድስም።

ጾሙ በተፈታ በመጀመሪያው ገበያ እማማ እንጉዳይን ድንች ላግዛቸው አብሬያቸው ወጣሁ። አንዲት ሴት አንድ ኪሎ አለች። መዘኑ። ሚዛኑ ልክ ሆነ። ከጆንያው ሌላ ድንች አነሡ፤ እጃቸው እንደ ልማዱ ወደ ቢላዋው ሄደ፣ ግን ቢላዋውን ሳይነኩት ተመለሰ። ድንቿን እንዳለች በሴትዮዋ ዘንቢል ውስጥ ጣል አደረጓት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። «ምነው እማማ፣ ተሳሳቱ እንዴ?»

እማማ እንጉዳይ ወደ እኔ አላዩም።

«አልተሳሳትኩም» አሉ። «ይች የአርባ ምንጯ ናት። ያዥና ሂጅ፤ ብርድ ነው።»